ያባረርነው ስም

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ትኩሳት ለያዛት ልጄ ጸበል ይዛልኝ መጣች። የቢጫውን ጀሪካን ክዳን ስከፍተው የእርጥብ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው መልሼ ከደንሁትና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ጸበል ምን ሽታ አለው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በእርጥብ ጋቢ ከተጠቀለለ ወንድሙ አጠገብ ላልሰነበተ ሰው አይሸትም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ከግንባር የተመለሰው ሩዝ በሚታረምበት ወር፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ደመናው ከእግር በታች በሚታይበት ጊዜ ነው። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከመጉደላቸው በቀር ደኅና ነበር። እናቴ በግ አሳረደች፤ ጎረቤቱ «እንኳን ዓይኑን አሳየሽ» እያለ ሲወጣ ሲገባ ሰነበተ። ብዙ እናቶች ያላገኙትን አግኝተናልና እኛም እግዜርን አመሰገንን።

ወር ሳይሞላ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑ ገባን። ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም። ባጃጅ ድንገት ሲንተከተክ ቦይ ውስጥ ይወድቃል። ገበታ ሲቀርብ እንጀራውን ለሁለት ይቆርስና ግማሹን ወደ ጎኑ ገፋ አድርጎ ይተወዋል፤ «ብላ እንጂ» ስንለው «የሱ ነው» ይላል። አንድ ቀን እናቴ ልትቀሰቅሰው ትከሻውን ብትነካው በክርኑ መትቶ ከንፈሯን አደማው። ደሟን ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሚበላትን ያችን ግማሽ እንጀራም ተዋት። ዓይናችን እያየ በቁሙ አለቀ።

«ጥይት የሳተውን ልጀን ጋኔን አገኘው» አለች እናቴ። እሷ ሩዙንና ከብቶቹን ጥላ መሄድ ስላልቻለች አስታማሚ ሆኜ ጸበል ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ።

ጸበሉ ከሜዳው ጫፍ፣ ከኮረብታ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ፣ ባዶ ሆዳችንን፣ ጫማችንን አውልቀን እንሰለፋለን። አጥማቂው ቄስ ቀጭን አጭር ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከወረታ መናኸሪያ ወያላ አያንስም። ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ በሰው ያደረ ክፉ መንፈስ ጸበል ሲነካው ይለፈልፋል፣ ስሙንና የያዘበትን ቦታ ይጠየቃል፣ ከዚያ ተገሥጾ ይባረራል። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ጮኸ። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ጫን አድርገው፣

«ማነህ አንተ? ተናገር!» አሉት።

ወንድሜ አንድ ስም ተናገረ። ተራ የሰው ስም ነው፤ እኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ሰው ይጠራበታል።

«የት ያዝኸው?»

«ምሽግ ውስጥ።»

«ምን አድርጎህ?»

«ውሃ እያልሁት ጥሎኝ ሄደ።»

«ልቀቀው!»

«አልለቅም።»

ጸበልተኛው በእልልታ ቀለጠ። እኔም እልል አልሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ እልልታ ነው። ስሙ ከታወቀ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ለእናቴ ደውዬ «ተናገረ!» ብዬ አበሠርኋት። ከዚያ በየጠዋቱ ያን ስም እየጠራን «ውጣ! ሂድ!» እያልን ረገምነው። ወንድሜ ግን ከቀን ወደ ቀን ደከመ፤ በስድስተኛው ቀን ከጸበሉ ተሸክመን አወጣነው።

ፀሐይ ላይ አስተኝቼ ፀጉሩን ስጠርግለት ጥርሱ እየተንገጫገጨ እጄን ያዘኝ።

«አንች፣ ተይ አታባርሩት። ጓደኛየ ነው።»

ከዚያ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረኝ። አንድ ኮቾሮ፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ለሁለት ገምሰው እየበሉ ወራት አብረው ከርመዋል። ጓደኛው ሆዱን ተመትቶ ወደቀ፤ ውሃ ለመነው። ወንድሜም «ላምጣልህ» ብሎት ከምሽጉ ሲወጣ ጦሩ ያፈገፍግ ነበርና አብሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። ጓደኛው መሞቱን ኋላ ከሌላ ወታደር ሰማ። ውሃ ላምጣልህ ብሎ በቀረ ሰው ላይ ነበር እኛ በየማለዳው ውሃ ስናፈስ የሰነበትነው።

ሮጬ ለቄሱ ነገርኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ወይ ኃጢአቴ! የክርስቲያን ነፍስ ኖሯል ስገሥጽ የሰነበትሁት» አሉ። ቀና ብለውም፣ «ሙት ይሸኛል እንጂ አይባረርም ልጀ። ፍትሐት እናድርግለት። ስመ ክርስትናው ማነው?» አሉኝ።

ወንድሜ አያውቀውም። ነፍስ የምትታሰበው በክርስትና ስሟ ነው፤ ያን ደግሞ ከንስሐ አባትና ከእናት በቀር ማን ይዞት? የሚያውቀው የጓደኛው እናት ይፋግ ገበያ ሽምብራ እንደምትሸጥ ብቻ ነው። ቄሱ «መርዶው ይቅደም፤ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን እንቢ አሉ። ወረቀት ሳይመጣ፣ ሬሳ ሳይታይ፣ በበሽተኛ ቃል እናት አናረዳም አሉ። አልፈርድባቸውም። ወንድሜ ግን ሽማግሌ እስኪግባባ የሚቆይ አይመስልም ነበር። እናቴ ይኸን ሰምታ መጣች፤ አይታው ወጣችና ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ስሙን ብቻ ጠይቂያት። ለጸሎት ነው በያት። ውሸት አይደለም እኮ» አለችኝ።

ቅዳሜ ይፋግ ወረድሁ። እያጠያየቅሁ ሴትዮዋን ከጆንያቸው ኋላ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ጠይም ሴት ናቸው። የልጅዎ ጓደኛ እህት ነኝ ስላቸው ብድግ ሲሉ መስፈሪያው ወድቆ ሽምብራው ተበተነ።

«ደኅና ነው? አየው?»

«እትየ፣ ወንድሜ ታሞ ጸበል ላይ ነው። ቄሱ ለልጅዎ ሊጸልዩለት ስመ ክርስትናውን ጠይቂ ብለውኝ ነው።»

ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡ። በየቀኑ ይደውላሉ። «አይሠራም ይላል እንጂ ሞተ አይልም እኮ» አሉኝ። ከዚያ የክርስትና ስም ገበያ ላይ አይጠራምና ተጠግተውኝ በጆሮዬ ነገሩኝ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ሲያሞቀው ትዝ ይለኛል። ቆሎ ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥረው «በርቱ፣ ጸልዩለት» ብለው ሰደዱኝ። ያን ቆሎ አልበላሁትም፤ መንገድ ላይ ለአንዲት ለማኝ ሰጠሁት።

ቄሱ «እናቱ መርዶውን ተረዱ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ» አልሁ። በማግሥቱ ፍትሐቱ ተደረገ። ወንድሜን በቃሬዛ ወስደን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጥነው። ቄሱ ያን ስም ጠርተው «ነፍሱን ይማር» ሲሉ ወንድሜ በጉልበቱ ተነሣና ጮኾ አለቀሰ፤ የሰው ልቅሶ፣ የለቅሶ ቤት ልቅሶ ነበር። ከሰዓት በሶ በጠበጥሁለት፤ ጨልጦ ጠጣና ተኛ። እናቴ መሬት ሳመች።

በሦስተኛው ቀን «ስሙን ማን ነገራችሁ?» አለኝ። ነገርሁት። «መሞቱን ታውቃለች?» አለ። እኔ አቀርቅሬ የበሶውን ጣሳ ማጠብ ያዝሁ። ፊቱን ታጠበ፤ ጫማውን አጠለቀ፤ በዱላ እየተደገፈ ወደ ይፋግ መንገድ ወረደ። እናቴ «አልጠናህም!» እያለች እስከ አስፋልቱ ተከተለችው። ዘወር አላለም።

እሱ ነው ያረዳቸው። ጥሎት መሄዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ለቅሶ ስንደርስ ወንድሜን ከድንኳኑ መካከል እንደ ቤቱ ልጅ ተቀምጦ አገኘነው። ሴትዮዋ እግር ላይ ስወድቅ አወቁኝ።

«ለጸሎት ነው ያልሽኝ ለት፣ ልጀ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ አደረ እኮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ምነው በረገሙኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ዛሬም እመኛለሁ።

ወንድሜ አርባው ይውጣ ብሎ እዚያው ቀረ። አርባው ሲወጣ አጨዳው ደረሰ፤ የሚያጭድላቸው ሰው አልነበራቸውም። አጨዳው ሲያልቅ ሽምብራ ይዘራ አለ። እናቴ ሁለት ጊዜ ልታመጣው ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ብቻዋን ተመለሰች። «ደኅና ነው?» ስላት «ድኗል» ትለኛለች፤ ከዚያ ወደ ከብቶቹ ትወጣለች።

ዓመት በዓል ሲሆን ይመጣል። ወፍሯል፤ ይስቃል፤ ልጄን ትከሻው ላይ አድርጎ ያዞራታል። እናቴ እንደ እንግዳ ደህና ደህናውን እየመረጠች ታቀርብለታለች፤ እሱም እንደ እንግዳ ያመሰግናል። ባለፈው ፋሲካ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሣና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«በሉ እንግዲህ ልሂድ» አለ፤ «እናቴ ብቻዋን ናት።»

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ትንሽ ቆመች።

«አዎ ልጀ፣ ሂድ» አለችው። «እንዳይመሽባት።»