ጸበል የጠጣው ኦፓል

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ዴንቨር ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ሠራተኞች የእግረኛውን መንገድ ውሃ በሚፈስበት መጋዝ እየቆረጡ ነበርና ያ ሽታ መጣብኝ። የረጠበ ድንጋይ ሽታ። ዝናብ የመታው አፈር አይደለም፤ ድንጋይ እየተፋቀ ውሃ ሲነካው የሚወጣ፣ ትንሽ የብረት ቃና ያለው፣ በአፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ወደ ማዶ ሲሻገር እኔ ቁልፌን እንደያዝኩ እንደ ሞኝ ተገትሬ ቀረሁ፤ አንዱ ሠራተኛ ግራ ገብቶት ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ደህና ነበርኩ። ሞንትቤሎ ሰፈር ነበርኩ፣ ጋሽ ሃብቶም ጋራዥ ውስጥ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጣቶቼ በድንጋይ ጭቃ ተለውሰው።

ጋሽ ሃብቶም ጎረቤታችን ነበሩ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኛ ቤት አማርኛ የጠራ፣ ሲናደዱ ወይም ሲራሩ ብቻ ወደ ትግርኛ የሚሻገሩ ሽማግሌ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጋራዣቸው ውስጥ ግን መኪና ገብቶ አያውቅም፤ መኪናው በረዶ ሲወርድበት ፀሐይ ሲጠብሰው ውጭ ይከርማል፣ ጋራዡ ውስጥ ከስፌት መኪና የማይበልጥ የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ብርድ ልብስ ደርቦ እንደ ጌታ ይቀመጣል። ወደዚህ ሙያ የገቡበትን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ደንበኛቸውን በየሳምንቱ ሌክውድ ወዳለ የድንጋይ አፍቃሪዎች ክበብ ያደርሱና እስክትጨርስ መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ፤ አንድ ቀን ብርዱ አላስቀምጥ ሲላቸው ለማሞቂያው ብለው ገቡ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በዚያው ቀሩ። "ለሙቀት ገብቼ በሽታ ይዤ ወጣሁ" ይሉ ነበር፣ በበሽታው ደስ እያላቸው።

እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነበረች፣ አባዬ ታክሲ ይነዳል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን ጋሽ ሃብቶም ጋር ሆኜ የቤት ሥራዬን እንድሠራ ታዝዤ ነበር። የቤት ሥራው እዚያ ተሠርቶ አያውቅም። እሳቸው ጥሬውን ድንጋይ፣ የበረዶ ፍርስራሽ የመሰለውን የተራራ ኳርትዝ፣ በቀጭን የናስ ዘንግ ጫፍ ላይ በሰም ያጣብቁና ውሃ እየተንጠባጠበበት የሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ያስጠጉታል። አንዱን ገጽ ይሠራሉ፣ ዘንጉን ትንሽ ያዞራሉ፣ ቀጣዩን ይሠራሉ፤ ዙሪያው ሲያልቅ ማዕዘኑን ቀይረው እንደገና። ዋናው ነገር የገጾቹ ጠርዞች በሙሉ መገናኘት ባለባቸው ነጥብ ላይ መገናኘታቸው ነው፤ አንዱ የፀጉር ያህል ካለፈ ሌሎቹም ይዛነፋሉ፣ ብርሃኑም ውስጡ ገብቶ መውጫው ይጠፋበታል። በመጀመሪያው ዓመት ያበላሸሁት ኳርትዝ ጓሯቸውን ጠጠር ያለብሰው ነበር። እሳቸው ግን ድንጋይ ስላበላሸሁ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። የሚቆጡት ለሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው በእንግሊዝኛ ስመልስላቸው ነው፣ ያን ጊዜ ጆሯቸው እንደማይሰማ ሆነው ወደ ጣሪያ ያያሉ። ሁለተኛው ማሽኑ እየዞረ ካወራሁ ነው።

"ማሽኑ ሲዞር አይወራም!" ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሕግ ይኼ ብቻ ነው። ድንጋይ በጆሮ ነው የሚቆረጠው ይሉ ነበር፤ በደንብ ሲበላ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ ሊሰነጠቅ ሲል ድምፁ ይሻክራል፣ ይህን ሳይሰሙ ማለፍ ድንጋዩን መግደል ነው። ሕጉን የማታከብር አንድ ሰው ብቻ ነበረች፣ እናቴ። ከሥራ መልስ ልትወስደኝ ስትመጣ ከበሩ ጀምሮ ወሬዋን ይዛ ትገባለች፤ ጋሽ ሃብቶም ማሽኑን ያጠፋሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እስክትጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ዝም ሊያሰኟት ሞክረው አልሆን ሲላቸው ትተውታል።

ኦፓሉ፣ ያ ቀለም የሚያንቀለቅለው የከበረ ድንጋይ፣ የመጣው ከደሴ ነው። አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ከደላንታ የወጣ የልጅ ቡጢ የሚያህል ጥሬ ድንጋይ በጥጥ ጠቅልላ ለእማዬ አመጣችላት፤ እማዬም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከብርጭቆዎቹ ጋር ደረደረችው። ለፋሲካ ጋሽ ሃብቶምን ጠርተናቸው፣ ዶሮው ፊታቸው ቀርቦ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደያዙ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ወደቀ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሰው ተነሡ። እማዬ ወጡ ጨው በዝቶበት መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ድንጋዩን መስኮት አስጠግተው ሲያዞሩት ቀዩና አረንጓዴው እየተቀጣጠለ ጣሪያችን ላይ ሮጠ፤ እውነቴን ነው፣ ጣሪያው ላይ አየሁት። የክበቡ ሰዎች የኢትዮጵያ ኦፓል ገጽ ሊወጣለት አይችልም፣ ገና ዲስኩን ሲነካ ይሰነጠቃል እያሉ ለዓመታት ሲነግሯቸው ኖረዋል፤ በክፋት አይደለም፣ ግን እየሳቁ ነው። መስከረም ላይ ዴንቨር ውስጥ ትልቁ የድንጋይ ትርኢት ይመጣል። ጋሽ ሃብቶም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ያ ድንጋይ ተቆርጦ፣ ስንጥቅ ሳይኖርበት፣ እዚያ መስታወት ሥር መብራት በርቶበት ሲቀመጥ በዓይናቸው ማየት።

እማዬ ያለማቅማማት ሰጠቻቸው። ችግሩ ሌላ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ማሽኑ ቆሟል፣ ጋሽ ሃብቶም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያዩዋቸው ነው። ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንሽ ነው፣ ሻይ ለመጠጣት የማይከለክል፤ ለኦፓል ግን በቂ ነው። "እንግዲህ ጓለይ፣ አንቺ ትቆርጪዋለሽ" አሉኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ትግርኛው ሲመጣ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሌላ ድንጋይ የለም፣ ሌላ እጅም የለም።

በጋውን ሙሉ ቆረጥኩት። መጀመሪያ በአንዲት ፍርፋሪ ስንሞክር ያ ኦፓል ውሃ እንደሚጠጣ አወቅን፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይሆናል፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፣ በማሞቂያ ከተቸኮለበት ግን ይፈነዳል። ፍርፋሪዋ በእጃችን ስትፈነዳ ነው ይህን የተማርነው። ትልቁን ስንጀምር ሰሙን ትተን በቀዝቃዛ ሙጫ አጣበቅነው፤ ጋሽ ሃብቶም ከጎኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ይሰማሉ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ አንዲት ገጽ እሠራለሁ፣ እናቆማለን፣ እናደርቃለን። ድምፁ የሻከረ ሲመስላቸው ክንዴን በአንድ ጣት ይነኩኛል፣ እኔም አነሣለሁ። ፖሊሽ አድርጌ የጨረስኩ ቀን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሞላላ ድንጋይ ነበረች፤ ቀና ስትደረግ እሳት፣ ዘንበል ስትል የገበያ ቃሪያና ቲማቲም። ጋሽ ሃብቶም በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ አይተው "ስንጥቅ የለም" ብቻ አሉ፣ ከዚያ ውጭ ወጥተው መኪናቸውን አጠቡ። መኪናቸውን ሲያጥቡ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ እናቴ ትገባለች። እናቴ ያለ ጸበል የምትጀምረው ነገር የለም። ፍሪጃችን በር ላይ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሁልጊዜ ጸበል አለ፣ አባዬ አንድ ጊዜ በስህተት ከእራት ጋር ጠጥቶታል። የአባዬን ታክሲ አስጠምቃለች፣ የፈተና እርሳሶቼን አስጠምቃለች፣ ኮምፒውተሬን ረጭታው ዳግመኛ አልበራም። የትርኢቱ ዋዜማ ድንጋዩ እኛ ቤት አደረ፤ እማዬ መርጨቱ አልበቃ ብሏት ሊሆን ይችላል፣ እኔ ከተኛሁ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ ጸበል ቀድታ፣ አማትባ፣ እስኪነጋ እንዲባረክ ውስጡ ጨመረችው።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጩኸቷ ነው። "ሟሟ! ኧረ የጌታ ያለህ፣ ድንጋዩ ሟሟ!" ብርጭቆው ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም የለም። ዞር ብላ አባዬን አየችው። "ጠጣኸው?" አለችው። ምስኪን አባዬ፣ የድሮ ጥፋቱ ስላለበት ለመማል እንኳ ድፍረት አጣ። እኔ ጣቴን ብርጭቆው ውስጥ ስከት ጠንካራ ነገር ነካሁ፤ ሳወጣው በመዳፌ ላይ የተቀመጠው ጥርት ያለ መስታወት ነው። ቀዩ የለም፣ አረንጓዴው የለም።

በፒጃማዬ ጋሽ ሃብቶም ጋር ሮጥኩ፣ እማዬ "አፈር በበላሁ" እያለች ከኋላዬ። እሳቸው ድንጋዩን አዩ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እማዬ ቀና ብለው "ባረክሽው ወይስ አሰጠምሽው?" አሏት። ተከትሎን የመጣው አባዬ የታክሲውን ማሞቂያ እንክፈትበት ሲል አላስጨረሱትም፤ ሲቸኩሉበት ይፈነዳል፣ እንዳለ ይሂድ አሉ። እኔ ከትርኢቱ የምንቀር መስሎኝ ነበር። "ሥራሽ አልጠፋም፣ ጓለይ፤ ቀለሙ ነው የጠፋው" አሉኝና የክት ኮታቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ገቡ።

አዳራሹ እንደ መርካቶ ሰው ሞልቶታል። የእኔ ድንጋይ በወጣቶቹ ረድፍ መስታወት ሥር "የኢትዮጵያ ኦፓል" ከሚል ጽሑፍ ጋር ተቀመጠ፤ የሚያልፈው ሁሉ ጽሑፉን ያነባል፣ ድንጋዩን ያያል፣ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። አንዱ የክበቡ ሰው ጠርሙስ ነው ሲል ሰማሁት። ዳኛዋ፣ ቀጭን ሽበታም ሴት፣ ድንጋዩን በመቆንጠጫ አንሥታ አየች፣ አዞረች፣ እንደገና አየች፣ ማን እንደቆረጠው ጠይቃ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሄደች። ማታ ሲዘጋ ድንጋዩ ጭራሽ እርጎ መስሎ ነጥቶ ነበር። ሲደርቅ መጀመሪያ እንዲህ እንደሚሆን እናውቃለን፣ የሚሰነጠቅም ከሆነ የሚሰነጠቀው ያኔ እንደሆነ እናውቃለን። ጋሽ ሃብቶም ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን በእጃቸው ጨብጠው ያዙ፣ መንቀጥቀጡን ላለማሳየት ይሁን ለጸሎት አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ እማዬ ከቅዳሴ ነጠላዋን እንደለበሰች በቀጥታ መጣች። እኛ አዳራሹ ስንደርስ የእኔ መስታወት ዙሪያ ሰው ተኮልኩሏል። በሰው ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። እርጎው ከጫፍ ጫፍ ተገፎ ቀዩ መጥቷል፣ አረንጓዴው መጥቷል፣ መሐሉ ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ወይን ጠጅ ጨምሮ እየነደደ ነው፤ ስንጥቅ የሚባል ነገር የለበትም። ትናንት ጠርሙስ ነው ያለው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ዳኛዋ ሰማያዊውን የአንደኝነት ሪባን ስትሰጠኝ የተናገረችውን ግን ማንም አልጠበቀም። ኦፓል ሲሆን እሳቱ የቆራጩን ስህተት ይሸፍናል፣ ስለዚህ ሥራውን በልበ ሙሉነት መመዘን አይቻልም፤ ይህን ድንጋይ ግን ትናንት እንደ ውሃ ጠርቶ ስላየሁት እያንዳንዱ ጠርዝ ቦታው ላይ መገናኘቱን እስከ ውስጥ ድረስ አይቻለሁ አለች። ስተረጉምላት እማዬ እስክጨርስ አልጠበቀችም። እልልታዋን ለቀቀችው! ጥበቃው ሰው የተወጋ መስሎት እየሮጠ መጣ። ጋሽ ሃብቶም እያለቀሱ ይስቁ ነበር፣ ወይም እየሳቁ ያለቅሱ፤ ያን ዕለት እኔ ከሁሉም ሰው እበልጥ ነበር፣ ከአዳራሹ ጣሪያም እበልጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። እማዬ ያሸነፈው ጸበሉ ነው አለች፤ ጋሽ ሃብቶም ሳይንስ ነው፣ ድንጋዩ ስፖንጅ ነው፣ የቧንቧ ውሃም ያው ያደርገው ነበር አሉ። "ስፖንጁን ማን ፈጠረው?" ትላለች። ለዓመታት፣ በየበዓሉ፣ በየልደቱ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር ይኼው ነው። እኔ ተመርቄ ሥራ ይዤ፣ ሥራውን ትቼ ይህን ሱቅ ከፍቼ፣ እነሱ ገና እዚያው ነበሩ። ድንጋዩን እማዬ ለእሳቸው ሰጥታቸው ነበር፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያወጡታል፣ ያዩታል፣ እማዬን ያኮርፏታል።

የጋሽ ሃብቶም የሞንትቤሎ ቤት አሁን ተሽጧል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጋራዡ ተከፍቶ አየሁት፣ ውስጡ መኪና ቆሟል፤ ጋራዥ ውስጥ መኪና መቆሙ ትክክል ነው፣ ግን ተናደድኩ። ማሽኑ እኔ ሱቅ ነው ያለው። ዲስኩን ሳስነሣ ዛሬም ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ክንዴን የሚነካ ጣት ግን የለም፤ ድምፁ ሻክሮ እንደሆነ ብቻዬን ነው የምወስነው። እማዬ ጡረታ ስለወጣች መጥታ ትቀመጣለች፣ ማሽኑ እየዞረም ታወራለች፣ እኔም አጥፍቼ እሰማታለሁ።

ጋሽ ሃብቶም አልጋ ከያዙ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ለእማዬ እጇን እንድትዘረጋ ነገሯት። ኦፓሉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላትና ጣቶቿን በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው አጠፉላት። "እሺ፣ አሸነፍሽ። ጸበሉ ነው" አሏት። ያን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን የጠበቀች ሴት እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ኦፓሉን ጨብጣ ወጣች። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ያለቀሰችው።

"ምን አለ" አለች፣ "ትንሽ ቢከራከሩኝ።"