ጠቅጥቄ የሠራኋቸው ሃምሳ ጥይቶች

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ቀን ሻንጣዬ የተዘጋው እናቴ ላዩ ላይ ቁጭ ብላበት ነው። ሽሮውንና በሶውን በየላስቲኩ በቡጢዋ ጠቅጥቃዋለች። "አየር ከገባው ይበላሻል፤ ጠበቅ ሲል ነው የሚሻለው" አለችኝ። እውነትም አንዲት ቅንጣት ሽሮ ሳይፈስ ዴንቨር ደረሰ። የፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ በየኤርፖርቱ፣ በእንባ።

ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ኤጀንሲ አዛውንት እንድንከባከብ ቀጠረኝ። ዋልተር ይባላሉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "ዋልተር በይኝ" ቢሉኝ አፌ እምቢ አለ። አባቴን የሚያህል ሰው በባዶ ስሙ ልጥራ? "ጋሼ ዋልተር" አልኳቸው። የጄኔራል ማዕረግ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

የሥራ ወረቀቴ ገላ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ሾርባ ማሞቅ ይላል። ጥይት መሥራት አይልም። ጋሼ ዋልተር ግን ጋራዣቸው ውስጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ የተተኮሰ የሽጉጥ ቀለህ ባሩድና አዲስ አረር እየጨመሩ እንደገና ይሞላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር ኢላማ ይተኩሱበታል። እጃቸው እምቢ ሲላቸው የኔ እጅ ተተካ። ልጃቸው ሊንዳ አስጠንቅቃቸው ነበር፦ "ዳድ፣ አንድ ስህተት ካየሁ ይሄን ጠረጴዛ አስወጣዋለሁ።" እሳቸው ደግሞ ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ ደስታ የላቸውም።

"አረሩ ቀለሁ ውስጥ የሚገባው በልኩ ነው" ብለው አስተማሩኝ። "ከረዘመ አፈሙዙ አይቀበለውም።" የሽጉጡን አፈሙዝ ፈትተው አንዷን ጥይት ጣል አደረጉበት። ጧ ብላ ገባች፤ ሲገለብጡት ወደቀች። "ይቺን በዚህ መለኪያ፣ በካሊፐሩ ለኪያት። ሌሎቹም ልክ እንደሷ ይሁኑ።"

አርብ ከሰዓት እሳቸው ሶፋው ላይ ሲያንቀላፉ ብቻዬን ሃምሳ ሠራሁ። አረሮቹ ቀለሁ አፍ ላይ ተንጠልጥለው ሳይ፣ የእናቴ ልጅ ነኝና አላስቻለኝም። አረሩን ወደ ቀለሁ የሚገፋውን ማሽን ብሎን ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ አደረግኩና ሁሉንም ጠቀጠቅኳቸው። አፈሙዙ ውስጥ ጧ፣ ጧ ብለው ገቡልኝ። ታዲያ ካሊፐሩን ማን ያነሳዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዋልተር አንዷን ለክተው ፊታቸው ተለወጠ።

"አረሩ ከጠለቀ አፈሙዙስ ይቀበለዋል፤ ግን ባሩዱ ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል!"

ለካ ሊንዳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"ማነው እነዚህን የሠራው?" አለችና እኔን አየችኝ።

አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ዋልተር፣ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን እያሳዩዋት። "ዓይኔ ሸወደኝ።"

ሥራዬን ፈራሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛውን ከነማሽኑ ጭነው ወሰዱት። ጋሼ ዋልተር ሾርባውን አልነኩትም። "እውነቱን ልንገራት?" ብላቸው፣ "አንቺን ካባረረች ማን ሊያጥበኝ ነው? እሷ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። እኔ አፍሬ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእናቴ ደወልኩላት። "ጥይት ትሠሪያለሽ? አንቺ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

"ታዲያ ለልጅየዋ ነገርሻት?"

"ገና ነኝ።"

"ገና ማለት?"

"ሥራው እኮ ነው፣ እማዬ..."

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ? እማዬ? ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለችኝ። "ስትነግሪያት ደውዪልኝ።"