የሚገለበጠው የፖም ዳቦ

የዚያን ቅዳሜ ደባርቅ ካለው ቤታችን ጓሮ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የመጀመሪያ ልጄና ባለሱቋ ጎረቤቴ ነን። ልጄ ሰኞ ከከተማችን በላይ ተራራው ላይ ባለ የቱሪስት ሎጅ ለወጥ ቤት ሥራ ልትፈተን ነበር። የምትፈተነው የፈረንሳዮችን የፖም ዳቦ ጋግራ ነው፤ ከስልኳ እያየች ልትለማመደው ተነሣች።

ስኳሩን ከለጋ ቅቤ ጋር መጥበሻ ላይ አቅልጣ ፖሙን ደረደረችበት፤ ሊጡን ከላይ አለበሰችው።

«ሊጥ ከላይ፣ ፖም ከታች? ተሳሳትሽ» አልኳት።

«እማዬ፣ ኋላ ይገለበጣል አልኩሽ እኮ!»

የቀለጠ ስኳር እንዳያቃጥላት ደጋግሜ አስጠነቀቅኳት። ኦቨን ስለሌለን መጥበሻውን በብረት ክዳን ከድነን፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አደረግንበት። እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ፍም ብጨምርበት ያርርና ተስፋ ቆርጣ እቤት ትቀርልኛለች ብዬ አስቤ ነበር። ግን ምግብ ማሳረር እጄ አልለመደም፤ ፍሙን እንዲያውም ቀነስኩለት።

መጥበሻውን ሳህን ላይ ስትደፋው ጮህኩ።

«እቴ ዝም በይ፣ ፖሙን አስበረገግሽው!» አለች ጎረቤቴ።

ፖሙ እንደ ማር ቀልቶ ሳይፈርስ ወረደ። ባለቤቴ ሁለት ቁራሽ በላና «በቃ፣ ይቺ ልጅ ሄደች» አለ።

እውነትም ፈተናውን አልፋ ሄደች። እዚያ ላይ ኔትወርክ የለም። ከተራራው የምትወርዱ ሰዎች፣ ልጄ እንዴት እንደሆነች እባካችሁ ንገሩኝ።