ጋሼ ጥብቁ የሰፉት ፓስፖርት

ሰፈርተኛው ጋሼ ጥብቁ የሚላቸው ጫማ ሰፊ የቆረጡት ትኬት የመሄጃ ብቻ ነው። ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው፣ "አባባ፣ ከእንግዲህ እኔው ጋ ነህ" ብላቸዋለች። ቤታቸውን ለቀቁ፤ ወስፌያቸውን ለጎረቤት ሰጡ። ከመስጠታቸው በፊት ግን የፓስፖርታቸው ሽፋን መላላቱን አዩ። ሰው አገር ተጎሳቁሎ መግባት? እሳቸው እቴ! ሰም ባስነከሩት ክር ጥብቅ አድርገው ሰፉት።

አየር ማረፊያ ፓስፖርት የምትቆጣጠረው ልጅ ቪዛውን አይታ ስፌቱ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

"አባት፣ ይሄን ማን ነካው?"

"እኔው ነኛ፣ ልጄ!" አሉ ኮራ ብለው። "ዕድሜ ልክ አይለቅም።"

"የተነካካ ፓስፖርት እዚያ አያስገባም። መሳፈር አይችሉም።"

ሊተረትሩት እጃቸው ወስፌ ፍለጋ ኪሳቸው ገባ፤ ለካ ሰጥተውታል። በጥፍራቸው ታገሉት፣ በጥርሳቸው ሳቡት። የእጃቸው ሥራ ግን ንቅንቅ አልል አለ።