በካራቆሬ ላይ ያለፈው አውሮፕላን

ጣልያን ባሌን ኮምቦልቻ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሥራ ሲወስደው ልጅ እንኳ አልወለድንም ነበር። ቤቱ ውስጥ እኔና የሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻ ቀረን።

ሰው ሲያገኝ መልእክት ይልክልኛል። አንዴ አንድ ነጋዴ ቃሉን አደረሰልኝ፦ «ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውሮፕላን ሸኝቼ ነው ሥራ የምጀምረው። አንቺ ጋ እስኪደርስ እኔ አቧራዬን አራግፌ አልጨርስም። እኔ ልምጣ ብል ግን አራት ቀን ነው።»

ጉድ እኮ ነው! እኔ ደግሞ ካላየሁ አላምንም። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ጥላችንን በእግራችን እንደምንለካው፣ አውሮፕላኑንም መለካት ጀመርኩ። ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ጥላዬ ሰባት እግር ነው። ሲመለስ ጥላዬ ገና እግሬ ሥር ነው። እኔ ገበያ ደርሼ ባልመለስኩበት!

ታዲያ ይሄን ያህል ከፈጠነ አንድ ቀን ባሌን ጣል ቢያደርግልኝ ምን ነበረበት? ተናደድኩ። ባለፈ ቁጥር እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ «ክንፍህ ይሰበር! ድራሽህ ይጥፋ!» እለዋለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። «እሱ ደግሞ ሰምቶሽ!» ይሉኛል። ወላሂ፣ ድምፄን አውጥቼ የማልናገርበት ቀን ብዙ ነበር፤ ከዚያች እርግማን በቀር።

ከዚያ መልእክቱ ቀረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ሆዴ አላስችል ሲለኝ በሶዬን ቋጥሬ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ኮምቦልቻ ተነሳሁ። በማግስቱ ካራቆሬ ስንደርስ አውሮፕላኑ በአናታችን ላይ ወደ አዲስ አበባ አለፈ። ቆሜ ጥላዬን ለካሁ፤ ስምንት እግር። እዚህ ቀደም ብሎ ነው የሚያልፈው ማለት ነው። በአንድ እግር ወደ ባሌ ቀረብኩ ብዬ እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ እንደ ልማዴ ረገምኩት።

ኮምቦልቻ የገባነው በአራተኛው ቀን ነው። የሜዳው ዘበኛ የይፋት ሰው ነበር። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግረው ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«እህቴ፣ ድንጋይ እግሩን ጨፍልቆት ነበር። አለቃው ስለሚወደው ከትናንት በስቲያ ጠዋት በአውሮፕላኑ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ላከው» አለኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ካራቆሬ ላይ የቆምኩበት ጠዋት ነው።

መንገዱን መልሼ ተያያዝኩት፤ በሮቢት ሳልፍ ቤቴን እንኳ አልከፈትኩም። አዲስ አበባ ለመግባት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስደርስ ቀብረውታል። ቁስሉ መርቅዞ ነው አሉኝ። አውሮፕላኑ አልወደቀም፤ ክንፉም አልተሰበረም። ይህን አውቃለሁ። ግን ባሌ በሕይወት እያለ ለመጨረሻ ጊዜ በአናቴ ላይ ሲያልፍ ከአፌ የወጣው ያ ነው፤ ምን ላድርገው?

ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ከደጄ ወጥቼ «በሰላም ግባ» እለዋለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቃሉ።

«እሱ ደግሞ ሰምቶሽ!» ይሉኛል።