የግንቡ ሆቴል መስኮት

ጎሬ ላይ ያለው የድሮ የገዥዎች ግንብ ታድሶ ሆቴል መሆኑን የሰማች ዕለት እናቴ «አንድ ሌሊት ልደርበት» አለችኝ። ደነገጥኩ። አባቴ በደርግ ጊዜ የታሰረው እዚያ ነበር፤ ከተፈታ በኋላም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቦታ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ስንቅ ስታመላልስ ከረመች እንጂ ከበሩ አላለፈችም።

«ምን ልታዪ?» አልኳት።

«ስንቁን ካስገባሁ በኋላ በሩ ፊት ለፊት ዋንዛው ሥር ቆሜ እውል ነበር፣ እንዲያየኝ። ለመሆኑ አይቶኝ ያውቃል? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ከመቱ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ነጠላዋን አሥር ጊዜ አስተካከለች። በሩ ላይ የሆቴሉ አስተናጋጅ «አዮ፣ አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት እማማ? ይግቡ እንጂ» ብላ ሻንጣችንን ተቀበለች። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። የገባችው ልጅቷ ክንዷን ስትይዛት ነው።

ቫርኒሽ የተቀባ እስር ቤት አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር ሰቅለዋል፣ አልጋው ላይ ፎጣውን በዳክዬ ቅርጽ አጥፈው አስቀምጠዋል። ተናደድኩ። ፍራሹ ደግሞ መመቸቱ! አስተናጋጇ እስረኞቹ ይተኙ የነበረው በእነዚሁ ክፍሎች እንደሆነ ነገረችን። መስኮቶቹም የድሮዎቹ ናቸው፣ መስታወት ብቻ ነው የተጨመረባቸው አለች።

እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። ገደል፣ ከገደሉ በታች የቡና ጫካ፣ ጭጋግ። ልጅቷ ሌሎቹንም ክፍሎች ከፍታ አሳየችን። ያው ገደል ነው። በሩ ከአንዳቸውም አይታይም።

«ለዛፉ ኖሯል የቆምኩት» አለች እናቴ። ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

እራታችን እዚያው ክፍላችን መጣልን። እጄን ልሰድ ስል እናቴ ቀደመችኝና በእኔ በኩል ካለው የእንጀራ ጠርዝ ቆርሳ ቀመሰች። «ብላ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የምታደርገው ነው።

«ይሄን ነገር ማን አስለመደሽ?»

«የዚህ ቤት ዘበኛ ነዋ! መርዝ እንዳይኖርበት፣ ስንቅ ያመጣ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ሌላው ሰው ከመሃል ነበር የሚያነሳው። እኔ መሃሉ እንዳይበላሽበት ብዬ ከጠርዙ እቆርስ ነበር።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። አባቴ ገበታው ላይ ትዝ አለኝ። ምግብ ቀርቦለት፣ ርቦትም ቢሆን፣ እሷ ከጓዳ መጥታ ከጠርዙ እስክትቆርስ ድረስ አይነካም ነበር። እኛ ልጆቹ ኩራት ይመስለን ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ አንቺ ሳትቆርሺለት በልቶ አያውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጠርዙ ጎድሎ ሲደርሰው...» ብላ ጀመረች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

«መምጣቴን ያውቅ ነበር» አለች።