የሩፋኤል ዝናብና የአማቴ ቲማቲም

አማቴ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ከዘጌ አምጥተን ባሕር ዳር እኛ ቤት አስገባናቸው። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ይዘውት ከመጡት ዕቃ ሁሉ የሚሳሱለት አንድ ቋጠሮ ብቻ ነበር፤ በአመድ ታሽቶ የደረቀ የቲማቲም ዘር። ከባላቸው ጓሮ ጀምሮ በየዓመቱ ከፍሬው እያስቀሩ ያቆዩት ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ሳሎኔ ሳሎን መሆኑ ይቀራል። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ይሰነጠቃል፣ አፈርና ፍግ ይሞላበታል፣ መስኮቱ ሥር ይደረደራል። ውጭ መዝራት አይሆንም፤ የነሐሴ ዝናብ ቡቃያውን ያበሰብሰዋል። ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቅም አይሆንም። ችግኙ የሚተከለው የአንድ ዘመዳችን ባሕር ሸሽ ላይ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ጣና ወደ ኋላ ሲል ጥሎት የሚሄደው ጭቃ ላይ። ያ ጭቃ እርጥበቱን ብዙ አያቆይም። ባሕሩ ሲሸሽ ስንዝር የሞላ ችግኝ ያላዘጋጀ ሰው የዓመቱን ቲማቲም ከገበያ ይግዛ።

እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ከቢሮ ስገባ መጋረጃዬ ላይ የጭቃ ጣት ካየሁ እጮሃለሁ። እሳቸው ከዓይናቸው ጋር ጆሯቸውም የደከመ መስለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቡቃያውን በጣታቸው ጫፍ ይዳብሱና፣ “ይች ቀጥናለች፤ ወደ ብርሃኑ አዙሪልኝ ልጄ” ይሉኛል። እያጉረመረምሁ አዞራለሁ። ዛሬ እሳቸው የሉም፤ መጋረጃዬም ንጹሕ ነው። ያ ሁሉ እርጥብ አፈር የሚሸትበት ሳሎን ግን በጣም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት ዓይናቸው ጨርሶ ደከመ። በፊት ከዘሩ ቆንጥረው ለክፉ ቀን ያስቀሩ ነበር፤ ያን ዓመት ቋጠሮውን በሙሉ ዘሩት። “ለከርሞ ከፍሬው እናስቀራለን” አሉኝ። “እኔ እንግዲህ ደክሜያለሁ። ዘሩን ላንች አስረክቤ ልረፍ።” የዘሩ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ገባ።

ጳጉሜን ሦስት ቅዱስ ሩፋኤል ነው። የዚያን ዕለት የሚዘንበው ጠበል ነውና ሰፈሩ ልጅ አዋቂ ሳይል ወጥቶ ይጠመቅበታል። አማቴን ባለቤቴ ቅዳሴ ይዟቸው ሄዷል። ሰማዩ ሲጠቁር አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሰው የሚባረክበት ጠበል ችግኝ ቢነካ ምን ይላል? አማቴን ደስ ይበላቸው ብዬ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ግቢው መሐል ደረደርሁ። እኔም ፀጉሬን ገልጬ አጠገባቸው ቆምሁ። መጀመሪያ ዝናብ ነበር፤ ወዲያው በረዶ ሆነ። እኔ ወደ በረንዳው ሮጥሁ፤ ችግኞቹ የት ይሩጡ?

ሲያባራ ሁሉም አፈሩ ላይ ተጋድመዋል። ቅጠላቸው ተበጣጥሷል። ቆሜ አለቀስሁ። ከዚያ እሳቸው ሳይመለሱ ሁሉንም ነቅዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትሁና በባጃጅ ወደ ችግኝ ሻጮቹ ከነፍሁ። ቁመቱ የሚመሳሰል ገዝቼ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ተከልሁ። አማቴ ሲገቡ እንደ ልማዳቸው ዳበሱ። “ሩፋኤል ይመስገን፣ ደህና ናቸው” አሉ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ መማሰል የማያሻው ድስት አማስላለሁ።

ጥቅምት ላይ ባሕር ሸሹ ላይ ተከልናቸው። ፍሬው ሲቀላ እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ባላቸው እያነሡ ይስቁ ነበር። ማሳው ዘንድ ስንደርስ ጎንበስ ብለው አንድ ፍሬ ቀጠፉ። የእሳቸው ቲማቲም ጎድን ጎድን ያለው ጠፍጣፋ ነው። ይህኛው እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ልሙጥ። በመዳፋቸው አገላበጡት። ሌላ ቀጠፉ። ደግሞ ሌላ።

“ልጄ፣ ዘሬ የት ሄደ?”

ሁሉንም ነገርኋቸው። ቢቆጡኝ በወደድሁ ነበር።

“ግንዱ ተቆርጦ ነበር ወይስ ተጋድሞ?”

“ተጋድሞ፣ እማማ።”

ጎንበስ ብለው የአንዱን ግንድ ሥር ዳበሱ። “የቲማቲም ግንድ እኮ በተጋደመበት በኩል ሥር ያወጣል” አሉ። “አፈር ብናለብሰው በሳምንቱ ያቆጠቁጥ ነበር። ምነው ያን ዕለት ብትነግሪኝ? አብረን እናለብሰው ነበር።”